መርፌና ምላስ



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ጥገና ነው። «እንዴ! ስንት የሚጻፍ ጉዳይ እያለ ሸክላ ማጫወቻ?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ። ዕቃው ሰበብ ነው፤ ጥያቄው ሌላ ነው። ሁላችንም በየቀኑ ውስጡን አይተን ልናረጋግጠው በማንችለው ሥራ ሰውን እናምናለን። ሐኪሙን እናምናለን፤ ግንበኛውን እናምናለን፤ ሰዓት ሠሪውን፣ መካኒኩን እናምናለን። ታዲያ ሥራው የተበላሸ ሲመስለን በሠራተኛው ላይ ምን ብለን ልናስብ ይፈቀድልናል? ያሰብነውንስ ለማን ልንናገር? ተናግረን ካበቃን በኋላ የተሳሳትነው እኛው ሆነን ብንገኝስ የሰበርነውን ስም በምን እንጠግነዋለን?

ይህን የምጠይቀው ከኪታብ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ጥፋቱ የራሴ ነው። ሌላውም ሰው ይማርበት ዘንድ ሳልሸፍን እነግራችኋለሁ።

የአባቴ ሸክላ

ማጫወቻው የአባቴ ነው። እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ድምፁ በክዳኑ በኩል የሚወጣ፣ የፊሊፕስ ሥሪት ነው። አባቴ ከ1966ቱ አብዮት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው መርካቶ ነው የገዙት። ከእርሱም ጋር አንድ ዘመዳችን ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡላቸው አራት ትልልቅ ሸክላዎች አሉ። አራቱም የቁርኣን ቂርኣት ናቸው።

በአገራችን «ሸክላ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ዘፈን ነው። እውነት አለው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ካስቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ፣ አምኃ እሸቴ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ ሲሠራ፣ ኋላም ካሴት መጥቶ ሸክላን ከገበያ እስኪያስወጣው ድረስ በአገራችን በሸክላ የወጣው አብዛኛው ሥራ ዘፈን ነበር። ስለዚህም ማጫወቻውን ላስጠግን መሆኑን የሰማ አንድ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ ይህ የዘፈን ዕቃ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ዕቃ በራሱ ሐራምም ሐላልም አይባልም፤ ነገር የሚመዘነው በታለመለት ዓላማ ነው፤ ቢላ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይገድላል ብዬ መለስኩለት።

ደግሞም ሸክላ ለቁርኣን ያበረከተውን አገልግሎት የዛሬ ልጆች አያውቁትም። እኛ ቁርኣንን ከካሴት ሰምተን አደግን፤ እነርሱ ከስልክ ይሰማሉ። ግብፃዊው ለቢብ አስ-ሰዒድ ቁርኣን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትክክለኛ ተጅዊድ ተቀርቶ በድምፅ ተቀርጾ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በሐሳቡም መሠረት በሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ድምፅ የተቀረጸው ሙሉ ቁርኣን በ1961 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የደረሰው በሸክላ ነበር። የካይሮው የቁርኣን ሬድዮ ሥርጭቱን የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከአባቴ ሸክላዎች አንዱ ሸይኽ አል-ሑሰሪ ሡረቱ መርየምን የቀሩበት ነው።

አባቴ ዛሬ ወደ ሰማንያ ዓመት ተጠግተዋል። ዓይናቸውም ማየት ካቆመ ሰባት ዓመት ሆነው። ሙስሐፍ ገልጠው መቅራት ስላልቻሉ ጆሯቸው ነው የቀራቸው። ከስልክ ያንኑ ሸይኽ፣ ያንኑ ሡራ ከፍቼ አሰማቸዋለሁ። «አላህ ይስጥህ ልጄ፤ ጥሩ ነው» ይላሉ። ዝም ብለው ይቆዩና ግን «ያች ሸክላ ግን...» ብለው ሳይጨርሱት ይተዉታል። ማጫወቻው ከቆመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ባለፈው ዓመት ደሴ ወደምትገኘው እኅቴ ዘንድ ለሁለት ወር ሲሄዱ፣ ሳይሰሙ አስጠግኜው ሲመለሱ ላስደስታቸው ቆረጥኩ።

ባለሙያው

ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቆች ጀርባ ባለው መንደር፣ ሬድዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ቤታቸው የቆርቆሮ ነው፤ ከወለሉ እስከ ጣሪያው የሬድዮ ሬሳ ተደርድሮበታል። ክርስቲያን ናቸው። ስማቸውን ትቼ ባለሙያው እላቸዋለሁ።

ማጫወቻውን ከፍተው መብራት እያበሩ ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ሕመሙን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሳህኑን የምታሽከረክረው ትንሽ ጎማ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። የሞተሩ ግራሶ ጠጥሮ እንደ ሙጫ ሆኗል። ሁለት ካፓሲተሮች አብጠዋል። «መርፌው ግን ደህና ነው፤ አልነካውም። እንዲህ ዓይነቱ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ አንተም አደራህን እንዳትነካካው» አሉኝ። በ1,800 ብር ተስማማን።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጎማዋን ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደው ነበር። በመጨረሻ ከሌላ ማሽን የወጣች ጎማ አግኝተው በልኳ ሞርደው ገጠሙልኝ። ዕቃውን ስረከብ ያወጧቸውን አሮጌ ክፍሎች በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ምን ያደርግልኛል?» ብላቸው «የወጣውን ማየት መብትህ ነው» አሉ። ከካፓሲተሮቹ አንዱ ከራሳቸው አሮጌ ሬድዮ የተገኘ ስለሆነ ብለውም ከተስማማነው ላይ 200 ብር መለሱልኝ። ይህን ሁሉ ልብ በሉልኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ማታ ቤቴ አስገብቼ አቧራውን በጨርቅ ወለወልኩ። ክዳኑን፣ ሳህኑን፣ ክንዱን፣ የመርፌውንም አካባቢ ወለወልኩ። በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ ሡረቱ መርየምን አስቀምጬ መርፌውን አሳረፍኩ። ሳህኑ በሚገባ ይዞራል። ድምፁ ግን በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ከዝናቡ ሥር ሸይኹ ከሩቅ ይሰማሉ፤ ይቆራረጣሉም። ደጋግሜ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም።

ያን ጊዜ ልቤ ምን አለኝ? «መርፌው ደህና ነው፤ በቀላሉ አይገኝም» ያሉኝ ሰውዬ ያንን የማይገኝ መርፌ አውጥተው፣ የተበላ መርፌ ሰክተውልኛል! ለምን እንዳልነካው እንዳስጠነቀቁኝም አሁን ገባኝ! አያችሁ? ታማኝነታቸውን የሚያሳየው ቃል ራሱ በጥርጣሬ ዓይን ስመለከተው የሌብነት ማስረጃ ሆነ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ለራሱ ምስክር ያደርጋል።

ሱቃቸው ከቤቴ በእግር የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሄጄ «ጋሼ፣ ድምፁ እንዲህ ሆነብኝ» ማለት እችል ነበር። አልሄድኩም። ይልቅስ ዕለቱ ጁሙዓ ነበርና ከሰላት በኋላ ሻይ ቤት ከተቀመጡት አምስት ወንድሞች መካከል ተቀምጬ «ደህናውን መርፌ አውጥቶ የተበላ ሰካልኝ» ብዬ ተናገርኩ። «እርሳቸው» ስላቸው የነበሩትን ሰው «እሱ» አልኳቸው። ከመካከላችን አንዱ «ድሮስ ከእነሱ ምን ትጠብቃለህ?» አለ። እኔ ዝም አልኩ። መምህር ነኝ፤ ልጆችን ስለ ምላስ አደጋ አስተምራለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ዝም አልኩ። ከንግግሬና ከዝምታዬ የትኛው ይከፋ እንደነበር እስካሁን እጠይቃለሁ።

አባቴ ሲመለሱ

ከሁለት ሳምንት በኋላ አባቴ ከደሴ ገቡ። ማጫወቻው እንደተጠገነ፣ ነገር ግን «በሰውየው ክፋት» ድምፁ እንደተበላሸ አስቀድሜ ነገርኳቸው። «እስቲ ክፈተው» አሉ። ከፈትኩት። ያ ዝናብ ጀመረ። አባቴ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆዩም። «አቁመው» አሉና እጃቸውን ወደ ክንዱ ሰደዱ። በጣታቸው የመርፌውን ሥር ዳብሰው አንዲት ትንሽ መዘውር አገኙ፤ ቀጭ አድርገው አዞሯት። «አሁን ክፈት» አሉ።

ሸይኽ አል-ሑሰሪ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብለው ተሰሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የቀድሞ ሸክላዎች ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ ጋር ተደባልቀው ይሠሩ ስለነበር ሲወድቁ እንደ ገል ይሰበራሉ፤ መርፌው የሚሄድበት ቦይም ሰፊ ነው። ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጡት፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞሩት የፕላስቲክ ሸክላዎች ግን ቦያቸው ጠባብ ነው። ለሰፊው ቦይ የሚሆነው መርፌ ጫፉ ለጠባቡ ከሚሆነው ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል። በዚያ የመሸጋገሪያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ማጫወቻዎች ሁለቱንም እንዲያጫውቱ ሁለት መርፌ ጀርባ ለጀርባ ተደርጎላቸዋል፤ በመዘውሯ ወደሚፈለገው ይዞራል። በአባቴ ማጫወቻ መዘውር በአንዱ ፊት «78» የሚል ተቀርጿል። እኔ በጨርቅ ስወለውል ወደዚያ አዙሬዋለሁ። መርፌውን የለወጠው የባለሙያው እጅ ሳይሆን የእኔው እጅ ነበር።

«አትነካካው ብለውኝ ነበር» አልኩ ለአባቴ። አባቴም «ታዲያ ሰውየው ምን በደሉህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ገንዘቤን የሚጠብቀው ሕግ

ውድ አንባቢያን! በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ «አጂር ሙሽተረክ» የሚባል ሠራተኛ አለ። ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለመጣው ሁሉ የሚሠራ ልብስ ሰፊ፣ ቀለም ነካሪ፣ ጠጋኝ ማለት ነው። ለሥራ የተረከበው ዕቃ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? ዑለማዎች ተለያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በራሱ ሥራ ያበላሸውን ይከፍላል፤ ያለ እርሱ ሥራ በእጁ እያለ የጠፋውን ግን አይከፍልም ብለዋል። ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ሊከላከለው ከማይችለው እንደ ታላቅ ቃጠሎ ካለ አደጋ በስተቀር ይከፍላል አሉ። ኢማም ማሊክም የእጅ ባለሙያዎችን ተጠያቂ አድርገዋል። በሻፊዒዮች ዘንድ ሚዛን የሚደፋው ደግሞ ካላጠፋና ቸል ካላለ አይከፍልም የሚለው ነው። ሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ.) ባለሙያዎችን እንዲከፍሉ ያደርጉ እንደነበርና ያለዚያ የሰዎች ነገር አይስተካከልም ማለታቸው ይነገራል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን ገሥጸው፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት አስተምረዋል። የሚያታልል ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑንም ነግረዋል። እነሆ ባለሙያዬ አሮጌዎቹን ክፍሎች በጋዜጣ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ያደረጉት ይህንኑ አልነበረምን? ከሥር ያለውን ከላይ አድርገው አሳዩኝ።

እንግዲህ ሸሪዓችን የደንበኛውን ገንዘብ ከሠራተኛው ጥፋት ለመጠበቅ ይህን ያህል ተጨንቋል። ለመሆኑ የሠራተኛውን ስም ከደንበኛው ምላስ የሚጠብቀውስ ማን ነው? ማጫወቻዬ ተሰብሮ ቢሆን ዋጋው ተተምኖ ይከፈለኝ ነበር። የጠጋኝ ካፒታል ግን መፍቻውና መበየጃው አይደለም፤ «ታማኝ ነው» የሚለው የሰፈር ቃል ነው። ያንን ቃል የሰበረ ሰው ስንት ብር ይከፍላል?

«ከእነሱ ምን ትጠብቃለህ?»

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጊባ ምን እንደሆነ ሲያስረዱ፣ ስለ ሰው በሌለበት የተናገርከው የሚጠላው ነገር በእርሱ ላይ ያለ ከሆነ ሐሜት፣ የሌለ ከሆነ ደግሞ ቡህታን፣ ማለትም ቅጥፈት መሆኑን ነግረውናል። የእኔ ቡህታን ነበር። «እውነት መስሎኝ ነው» ማለት ያድነኛልን? ሡረቱል ሑጁራት ከሐሜት በፊት አስቀድሞ ከጥርጣሬ ነው የከለከለን። በሽታው ምላስ ላይ ከመውጣቱ በፊት ልብ ላይ ይጀምራልና።

«ሰውየው ሙስሊም ስላልሆኑ የሐሜት ክልከላ አይመለከታቸውም» የሚል ካለ ሡረቱ-ኒሳእን ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ይመልከት። ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት ጡዕመህ ኢብኑ ኡበይሪቅ የተባለ የመዲና ሰው የጎረቤቱን ጥሩር ሰርቆ በአንድ አይሁዳዊ ቤት አኖረው። ነገሩ ሲነሣም ሌባው አይሁዳዊው ነው አለ። ወገኖቹም ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው የእኛን ሰው ይከላከሉልን አሉ። በዚህ ጊዜ የወረደው የቁርኣን ቃል የወገን ጩኸትን አልተቀበለም። ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንን ከለከለ፤ የራሱን ኃጢአት በንጹሕ ሰው ላይ የሚጥል ቅጥፈትና ግልጽ ወንጀል መሸከሙን አወጀ። አንድን አይሁዳዊ ከሐሰት ክስ ነጻ የሚያወጣ ቁርኣን እስከ ቂያማ ድረስ በሰላታችን እንቀራዋለን!

እኔ ግን በሻይ ቤቱ «ከእነሱ ምን ትጠብቃለህ?» ሲባል ዝም አልኩ። ጡዕመህ ጥፋቱን በሰው ላይ የጣለው እያወቀ ነው፤ እኔ ሳላውቅ ነው። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው። ሁለታችንም የራሳችንን እጅ ሥራ በንጹሕ ሰው ላይ ጥለናል። ሁለታችንንም የሚያምን ወገን በቅርብ አግኝተናል።

«ታዲያ አጭበርባሪን ዝም እንበል?»

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ገበያው በአጭበርባሪ ተሞልቶ፣ የተበደለ ሁሉ አፉን ይዝጋ ማለት አይደለም። ኢማም አን-ነወዊ በ«ሪያዱ-ሷሊሒን» ውስጥ ሰውን በሌለበት በክፉ ማንሣት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። የተበደለ ሰው በደሉን ሊያስቆምለት ለሚችል አካል አቤት ማለቱና ሌሎች እንዳይጎዱ ማስጠንቀቁ ከስድስቱ መካከል ናቸው። እኔም ለጥቂት ቀናት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር፤ «ወንድሞችን አስጠነቀቅኩ እንጂ አላማሁም» አልኩ።

ነገር ግን ራሴን ስመረምር ሦስት ነገር ጎድሎኝ አገኘሁ። አንደኛ፣ ሰውየውን አልጠየቅኩም። ዳኛ እንኳ ተከሳሹን ሳይሰማ አይፈርድም። ሁለተኛ፣ አምስቱ ወንድሞች ችግሬን ሊፈቱልኝ የሚችሉ አልነበሩም፤ የነገርኳቸው እንዲያዝኑልኝ ነው። ሦስተኛ፣ ያየሁትንና የገመትኩትን አልለየሁም። ያየሁት ድምፁ መበላሸቱን ነው። መርፌው ተለወጠ የሚለው ግምቴ ነው። የተናገርኩት ግን ግምቴን እንደ ዓይን ምስክር አድርጌ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ያወቁትን ሲናገሩ ነው፤ የጠረጠሩትን መናገር ሌላ ስም አለው።

የተሰበረን ስም መጠገን

ከሐሜት ተውባ ለማድረግ ምን ያስፈልጋል? ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያኡ ዑሉሚ-ድዲን» የቀደምቶችን አስተያየት አስፍረዋል። ሐሰን አል-በስሪ ለታማው ሰው ምሕረት መለመን ይበቃል፤ ይቅርታ መጠየቅ ግዴታ አይደለም የሚል አስተያየት አላቸው። ሙጃሂድ ማካካሻው ያሙትን ሰው ማመስገንና መልካም ዱዓ ማድረግ ነው ብለዋል። ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ግን ወደ ሰውየው ሄደህ መዋሸትህንና መበደልህን ነግረህ፣ ቢፈልግ መብቱን እንዲወስድ፣ ቢፈልግ ይቅር እንዲልህ ራስህን አቅርብ ይላሉ። አል-ገዛሊም ትክክለኛው ይህ ነው ብለዋል። ሰውየው ሐሜቱን ያልሰማ ከሆነና መንገሩ አዲስ ጥላቻ የሚያመጣ ከሆነ ዱዓና ምስጋናው ይሻላል ያሉ ዑለማዎችም አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የሐሰን አል-በስሪን አስተያየት ወደድኩት። ቀላል ነበርና። በቤቴ ሆኜ ዱዓ አድርጌ ልገላገል ፈለግኩ። በአራተኛው ቀን ከአምስቱ ወንድሞች የአንዱ ልጅ እጠገናለሁ ብሎ የሰጣቸውን ሬድዮ ሳይጠገን መልሶ መውሰዱን ሰማሁ። እንግዲህ ወሬው ደርሷል፤ ጉዳቱም ደርሷል። «አልሰማም» የምልበት በር ተዘጋ።

ሄድኩ። ባለሙያው አንድ ቴሌቪዥን ከፍተው ይሠራሉ። «ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ» ብዬ ጀምሬ ከጨርቁ እስከ ሻይ ቤቱ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መበየጃቸውን አስቀመጡ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አሁንስ ድምፁ ደህና ሆነ?» አሉኝ። በጣም ደህና እንደሆነ ነገርኳቸው። «አባትህ ሰሙት?» አሉ። ሰምተዋል አልኳቸው። «እንኳን ሰሙት። እኔም መዘውሯን ሳስረክብህ ላሳይህ ይገባኝ ነበር» አሉ። በእኔ ጥፋት ላይ የራሳቸውን ድርሻ ፈልገው አገኙ! ቀጥለውም «እግዜር ይቅር ይበልህ፤ እኔ ይቅር ብያለሁ። ያ ልጅ ግን ተመልሶ አልመጣም፤ ኡስታዝ» አሉኝ።

ይህች የመጨረሻ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታብኛለች። ይቅርታ የእኔን ዕዳ አቀለለው እንጂ የእርሳቸውን ጉዳት አልመለሰውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጁሙዓ በዚያው ሻይ ቤት፣ በእነዚያው ወንድሞች ፊት፣ በዚያው ድምፄ የሆነውን ተናገርኩ። አንዱ «ለአንድ መርፌ ይህን ያህል ራስን ማዋረድ ምን አመጣው?» አለኝ። የጡዕመህን ታሪክ ነገርኩት። «ከእነሱ ምን ትጠብቃለህ?» ያለው ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ልጁም ሬድዮውን መልሶ ወሰደላቸው፤ የመድረሳችንን ድምፅ ማጉያም የጠገኑልን እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ወሬው ከአምስቱ ሰዎች ወደ ስንት እንደተዛመተ፣ ስንት ሰው ሬድዮውን ተሸክሞ በሱቃቸው ደጃፍ ሳይገባ እንዳለፈ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። እነዚያን ሰዎች የት አግኝቼ አርማቸዋለሁ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እውነተኛው ከሳሪ የነገሩንን አስታወስኩ። በቂያማ ቀን ሰላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን ይህን ሰድቧል፣ ያንን ያለ ጥፋቱ ወንጅሏል፤ ስለዚህ መልካም ሥራው እየተቆረሰ ለከሳሾቹ ይከፋፈላል፤ ሲያልቅም የእነርሱ ኃጢአት ይጫንበታል። እኛ መስጊድ ውስጥ ያጠራቀምነውን ሻይ ቤት ውስጥ እየበተንነው ይሆን?

ውድ አንባቢያን! የማይታይ ሥራ የሁለት ወገን አማና ነው። ባለሙያው ላይ ያለው አማና፣ እኛ በማናየው ቦታ እንዳየነው አድርጎ መሥራት ነው። እኛ ላይ ያለው አማና ደግሞ፣ ባላየነው ቦታ ያየን መስለን አለመናገር ነው። ቅሬታ ሲኖረን ከሻይ ቤቱ በፊት ወደ ሱቁ እንሂድ። ከመወንጀላችን በፊት እንጠይቅ። በእርግጥ ተበድለን ከሆነም ያየነውን ብቻ፣ ሊፈታው ለሚችል ሰው እንናገር። ሠራተኛው የእኛ እምነት ተከታይ ባልሆነ ጊዜም በሚዛኑ ላይ ጣታችንን አናሳርፍ፤ የተነጠቀ መብት መብት ነው።

አባቴ ዛሬም ሡረቱ መርየምን ከዚያ ሸክላ ይሰማሉ። ወፍራም መርፌ በጠባብ ቦይ ሲሄድ ቦዩን ይጎዳዋል፤ እኔም ያን ዕለት ሦስት ጊዜ አስኬጄዋለሁና በመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ላይ ቀድሞ ያልነበረ የመንጫጫት ድምፅ ቀርቷል። አባቴ ያ ቦታ ላይ ሲደርስ ምንም አይሉም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሻይ ቤቱን ጁሙዓ አስታውሳለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን ከክፉ ጥርጣሬ፣ ምላሳችንን ከቅጥፈት ይጠብቅልን። ስማቸውን ያጎደፍንባቸውን ሰዎች በሕይወት ሳሉ ይቅርታ የምንጠይቅበትን ድፍረት ይስጠን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።